የኮሎምቢያ ወንዝ ሳልሞን፦ የዘረመል ጥናት በነባር ሕዝቦች እጅ ሲገባ

የወንዝ ዳር ጻፈ፦

ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች። ሰሞኑን በሌላ ክር ስለ ግድብና ስለ ዓሣ ስንወያይ አንድ ወንድማችን፣ የዘረመል (የዲኤንኤ) ጥናት የቤተ ሙከራ ሰዎች ጉዳይ እንጂ መረብ ጥሎ ለሚያድር ሰው የሚፈይደው ነገር እንደሌለ ጽፎ ነበር። መልሱ ሰፊ ስለሆነብኝ ለብቻው ከፍቼዋለሁ። የምኖረው በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ሲሆን፣ ለሦስት ወቅቶች በአንድ የዓሣ ጫጩት ማስፈልፈያ ጣቢያ ናሙና ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ከፊሉ ያየሁት፣ ከፊሉ ያነበብኩት ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ በኮሎምቢያ ወንዝ ተፋሰስ የሚኖሩት ያካማ፣ ዩማቲላ፣ ዋርም ስፕሪንግስና ኔዝ ፐርስ የተባሉት ነባር ሕዝቦች በ1855 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ውል ሲፈራረሙ እጅግ ሰፊ መሬት ለቀቁ፤ ከጥንት ጀምሮ ዓሣ በሚያጠምዱባቸው ቦታዎች የማጥመድ መብታቸውን ግን ለራሳቸው አስቀሩ። «አስቀሩ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። መንግሥት የሰጣቸው መብት አይደለም፤ ቀድሞም የነበራቸውንና ያልሸጡትን ነው። ከዚያ ወንዙ በግድብ ተቆራረጠ። መጋቢት ወር 1957 የዳልስ ግድብ በሮች ሲዘጉ፣ ሰዎች ለሺህ ዓመታት ከእንጨት ርብራብ ላይ ቆመው እጀታው ረጅም በሆነ መረብ ሳልሞን ይጨልፉበት የነበረው የሴሊሎ ፏፏቴ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከውኃ በታች ዋለ። የቀረውን ዓሣ ለመካፈል ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛ ሮበርት ቤሎኒ በ1969 በኮሎምቢያ ወንዝ ጉዳይ ለነባሮቹ ተገቢ ድርሻ እንዲጠበቅ ወሰኑ፤ ዳኛ ጆርጅ ቦልት በ1974 በዋሽንግተን ግዛት ጉዳይ ድርሻው ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ እስከ ግማሽ መሆኑን በየኑ። በ1977 አራቱ ሕዝቦች የራሳቸውን የኮሎምቢያ ወንዝ የጋራ ዓሣ ኮሚሽን አቋቋሙ።

እንግዲህ የዘረመል ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ግማሽ ሲባል የምን ግማሽ ነው? ሳልሞን በወንዝ ተፈልፍሎ በባሕር ያድግና ሊራባ ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። ከባሕር ወደ ወንዙ የሚገባው ሳልሞን ከመቶ የሚበልጡ ገባር ወንዞች ልጅ ነው፤ ሁሉም ተቀላቅሎ፣ ዓሣ ግድቡን እንዲሻገር በተሠራ በአንድ የዓሣ መሰላል ይወጣል። አንዱ በማስፈልፈያ ጣቢያ በብዛት የተራባ ነው። አጠገቡ የሚዋኘው ደግሞ የኮሎምቢያ ገባር የሆነው የስኔክ ወንዝ የዱር ቺኑክ (ትልቁ የሳልሞን ዓይነት) ሊሆን ይችላል፤ ይህ ዝርያ ከ1992 ጀምሮ የመጥፋት አደጋ ላይ ባሉ እንስሳት ሕግ የተጠበቀ ነው። ሁለቱን በዓይን መለየት ብዙ ጊዜ አይቻልም። መለየት ካልተቻለ ደግሞ ጥርጣሬው ሁሉ በአጥማጁ ላይ ያርፋል፤ ለጥንቃቄ ሲባል ወቅቱ ያጥራል፣ መረቡ ቶሎ ይነሣል። ማን የየት ወንዝ ልጅ እንደሆነ በማስረጃ የሚያውቅ ወገን ግን በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ የሚናገረው አለው።

ኮሚሽኑ ይህን ማስረጃ ከሌላ ሰው ከመለመን ይልቅ በአይዳሆ ግዛት ሃገርማን በምትባል ከተማ፣ ከአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ጋር በጋራ የዘረመል ቤተ ሙከራ ይዟል። እዚያ የሠሩ ተመራማሪዎች በ2015 ያሳተሙት ዘዴ በመቶዎች የሚቆጠሩ የዲኤንኤ ምልክቶችን በሺዎች በሚቆጠሩ ዓሣዎች ላይ በአንድ ዙር ለማንበብ የሚያስችል ሲሆን፣ የእያንዳንዱን ናሙና ወጪ በእጅጉ ቀንሶታል። ዛሬ ሌሎች ቤተ ሙከራዎችም ይጠቀሙበታል። እኔን ከሁሉም በላይ የነካኝ ይህ ነው፤ መሣሪያውን የሠሩት ለነባሮቹ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው።

የእኔ ድርሻ ትንሽ ነበረች። በመስከረም ጠዋት፣ ጣት በሚያደነዝዝ ውኃ ውስጥ ቆመን፣ እንቁላሏ ሊወጣ ከደረሰ እንስት ጅራት ጫፍ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ በመቀስ እንቆርጣለን። ቁራጯ በቁጥር በተከፋፈለ ወፍራም ወረቀት ላይ ትለጠፋለች፣ ትደርቃለች፣ በፖስታ ትሄዳለች። ከወንዱም እንደዚሁ። በቃ። አንዲት ቺኑክ አራት ወይም አምስት ሺህ ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ የእናትና የአባት ዘረመል ከተመዘገበ ከእነዚያ እንቁላሎች የሚፈለፈለው ጫጩት ሁሉ፣ ሳይነካ፣ ምልክት ተደርጎበታል ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ከባሕር ሲመለስ ከክንፉ ቅንጣት ተወስዳ ወላጆቹ ይታወቃሉ፤ በወላጆቹም ጣቢያውና የተወለደበት ዓመት ይታወቃል። በስኔክ ወንዝ ተፋሰስ ይህ ሥራ ከ2008 ጀምሮ በስፋት እየተሠራ ነው።

ሐረጓ ጻፈች፦

ስለ ጽሑፍዎ እናመሰግናለን። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። የብረት ምልክት የሚባል ቀድሞ እንደነበረ አንብቤያለሁ። ያ ለምን አልበቃም? ደግሞስ ወላጆቻቸው በማስፈልፈያ ጣቢያ ያልተመዘገቡት የዱር ዓሣዎች እንዴት ይታወቃሉ?

የወንዝ ዳር ጻፈ፦

እህቴ፣ ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። የብረት ምልክቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የምትረዝም ሽቦ ስትሆን በጫጩቱ አፍንጫ ውስጥ በመርፌ ትገባለች። ዛሬም ትሠራለች። ነገር ግን ቁጥሯን ለማንበብ ዓሣው መሞትና ጭንቅላቱ መቆረጥ አለበት፤ ከተፈለፈሉት ውስጥም ምልክት የሚደረግባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። የዘረመሉ ምልክት ግን ከሕያው ዓሣ ይነበባል፤ ዓሣውም ጉዞውን ይቀጥላል።

የዱሮቹ ጉዳይ የተለየ ነው። ወላጆቻቸው አልተመዘገቡም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ወንዝ ለብዙ ትውልድ ተለይቶ በመራባቱ የራሱ የሆነ የዘረመል መልክ አለው። ሰው ስሙን ሳይናገር በአነጋገሩ ብቻ ጎጃሜ ነው፣ ወሎዬ ነው እንደሚባለው ማለት ነው። የመጀመሪያው ዘዴ የአባትና የእናት ስም ይነግርሻል፤ ይኸኛው የአገሩን ዘዬ ይነግርሻል። ዘዬው ሲቀራረብ ደግሞ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ውጤቱ ሁልጊዜ ከነስሕተት መጠኑ ነው የሚቀርበው።

ስለ ስሕተት ካነሣን አይቀር፣ በሁለተኛው ወቅቴ እኔው ራሴ አንድ ረድፍ አዛንፌ ለጠፍሁ። የ41ኛዋ ቁራጭ በ42ኛው ቦታ፣ እንዲያ እያለ እስከ ወረቀቱ ግርጌ። ቤተ ሙከራው ያወቀው ጾታን በሚለየው የዲኤንኤ ምልክት ነው፤ እኔ እንስት ብዬ የመዘገብኩት ወንድ ሆኖ ተገኘ። ሳይታወቅ ቢያልፍ ኖሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ጫጩቶች የሌላ ወላጅ ልጆች ተብለው በተመዘገቡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ጮክ ብዬ ሳልጠራ መቀስ አንሥቼ አላውቅም።

ዘመናይ ጻፈ፦

እኔ በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያሳስበኝ ማስፈልፈያ ጣቢያው ራሱ ነው። በዚያው በኦሪገን በሁድ ወንዝ ስቲልሄድ በተባለ የሳልሞን ዘመድ ዓሣ ላይ የተደረገና በ2007 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ የዘረመል ጥናት፣ በሰው እጅ የተራቡ ዓሣዎች በዱር ሲራቡ ዘር የመተካት ብቃታቸው በሰው እጅ በተራቡበት በእያንዳንዱ ትውልድ በ40 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ እጅግ ትልቅ ነው። ታዲያ ነባሮቹ በጣቢያዎቻቸው ዓሣ እያራቡ ወደ ወንዝ መልቀቃቸው፣ በራሳቸው የዘረመል ሳይንስ የተወገዘ አይሆንም? ወዳጆቻቸው ስለሆንን ብቻ ይህን ጥያቄ መዝለል ያለብን አይመስለኝም።

የወንዝ ዳር ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ባይነሣ ኖሮ እኔው አነሣው ነበር። የሁድ ወንዙ ጥናት ትክክለኛ ነው፤ የሚያስተባብል ነገር የለኝም። ግን ሁሉም ማስፈልፈያ አንድ አይደለም፤ ይህንንም የነገረን ያው የዘረመል ጥናት ነው።

በአይዳሆ ጆንሰን ክሪክ በሚባል ጅረት ኔዝ ፐርሶች ከ1998 ጀምሮ ቺኑክ ሳልሞን ያራባሉ። ለመራቢያ የሚወስዱት በዚያው ጅረት በዱር የተወለዱትን ብቻ ነው፤ በጣቢያ የተፈለፈለ ዓሣ ሲመለስ ወደ ጣቢያው አይመለስም፣ በዱር እንዲራባ ይለቀቃል። በጅረቱ ላይ አጥር ስላለ የሚመለሰው ዓሣ ተይዞ ናሙና ይወሰድበታል። በ2012 የታተመው የሁለት ትውልድ የወላጅነት ትንተና እንዳሳየው፣ ለጣቢያው የተወሰዱት ዓሣዎች በዱር ከቀሩት ይልቅ በአማካይ ከአራት እጥፍ በላይ የሚመለሱ ልጆች ነበሯቸው፤ የጣቢያ ልጅ ከዱር ልጅ ጋር ሲጣመርም ከዱር ጥንዶች የሚያንስ የመተካት ብቃት አልታየበትም። በዚህ መንገድ ለአንድ ጅረት የተገኘ ውጤት ነው፤ ለወንዙ ሁሉ መፍትሔ ነው አልልም። ኮሚሽኑ የአባል ሕዝቦቹን ማስፈልፈያዎች በራሱ ቤተ ሙከራ መመርመሩ ግን ለእኔ ብዙ ይናገራል። የሚጎዳ ውጤት ሊመጣ እንደሚችል እያወቁ ነው ናሙናውን የሚልኩት።

ደግሞም ከምርጫ ውጭ የሆኑበት ጊዜ አለ። በስኔክ ወንዝ ኮሆ ሳልሞን በ1986 ጠፍቷል ተባለ። ኔዝ ፐርሶች በ1990ዎቹ አጋማሽ ከታችኛው ኮሎምቢያ እንቁላል አምጥተው ጀመሩ፤ ዛሬ ኮሆ የስኔክ ገባር ወደሆነው ክሊርዋተር ወንዝ ይመለሳል። የራሱ ዘር ጨርሶ በጠፋበት ቦታ ንጹሕ ዘር ይጠበቅ ማለት ባዶ ወንዝ መጠበቅ ነው።

ባለ ዳኝነት ጻፈ፦

የሕግ ባለሙያ ነኝ፤ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ልጨምር። በኮሎምቢያ ወንዝ የበልግ ማጥመድ ወቅት (የአሜሪካው በልግ ከክረምታቸው በፊት ያለው የመስከረምና የጥቅምት ጊዜ ነው)፣ በቦኔቪልና በማክነሪ ግድቦች መካከል ነባሮቹ በመረብ የሚይዙት በዋናነት ቺኑክ ነው፤ ነገር ግን በመረቡ ስቲልሄድም ይገባል። ከስቲልሄዱ ውስጥ ትልልቆቹና ዘግይተው የሚመጡት፣ ከክሊርዋተርና ሳልሞን ከሚባለው ወንዝ ገባሮች የሚነሡት የዱር ዓሣዎች፣ ስንት ሊያዝ እንደሚችል የተወሰነ ጣሪያ አላቸው። ጣሪያው ሲደርስ የቺኑክ መረብም ይነሣል። ዓሣው የዚያ ቡድን ነው አይደለም የሚባለው ለረጅም ጊዜ በርዝመት ሲለካ ቆይቷል፤ 78 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ነው፣ ካነሰ አይደለም። የዘረመል ናሙና ከቦኔቪል ግድብ መሰላል መወሰድ ሲጀምር፣ ርዝመት ብቻውን የትውልድ ወንዝን በትክክል እንደማይናገር ግልጽ ሆነ፤ ከዚያ ወንዝ የመጣ አጭር ዓሣ አለ፣ ከሌላ ወንዝ የመጣ ረጅምም አለ። የአንድ ቤተሰብ የበልግ ገቢ በአንድ ማስመሪያ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር አስቡት። ማስረጃው አንዳንዴ አጥማጁን ይጠቅማል፣ አንዳንዴም ጣሪያውን ያጠብቅበታል፤ ቢያንስ ግን የሚከራከረው ስለ እውነተኛው ዓሣ ነው።

ሰላማዊት ዘካሊፎርኒያ ጻፈች፦

ወደ ደቡብ ወረድ ብላችሁ ክላማዝ ወንዝንም ተመልከቱልኝ፤ እኔ የምኖረው ወደዚያ ነው። በክላማዝ ወንዝ የጸደይ ቺኑክና የበልግ ቺኑክ አሉ። የጸደዩ ስቡን ይዞ ቀድሞ ይገባና በቀዝቃዛ ኩሬዎች ውስጥ በጋውን ይከርማል፤ የካሩክ ሕዝብ ሽማግሌዎች ይህ ዓሣ ሌላ ዓሣ ነው ሲሉ ኖረዋል። ሳይንሱ ግን ሁለቱ በአጠቃላይ ዘረመላቸው እጅግ የተቀራረቡ በመሆናቸው አንድ ክፍል ናቸው ይል ነበር፤ በዚሁ ምክንያት ለጸደዩ ለብቻው ጥበቃ እንዲሰጥ የቀረበ አቤቱታ ተቀባይነት አጥቷል። በ2017 የታተመ ጥናት በአንድ የዘረመል አካባቢ ላይ ያለ ልዩነት ቀድሞ መግባትን ከዘግይቶ መግባት ጋር በጥብቅ እንደሚያያዝ አሳየ። በዚያው ዓመት ካሩኮች አዲስ አቤቱታ አስገቡ፤ የካሊፎርኒያ ግዛትም በ2021 የጸደይ ቺኑኩን አደጋ ላይ ያለ ብሎ መዘገበው።

ከላይኛው ክላማዝ ጥንታዊ መኖሪያዎች በቁፋሮ በተገኙ የሳልሞን አጥንቶች ውስጥም ቀድሞ የመግባት ዘር ተገኝቷል። ግድቦቹ ከመሠራታቸው በፊት የጸደይ ዓሣ እስከዚያ ይወጣ እንደነበር አጥንቱ ራሱ መሰከረ ማለት ነው። በወንዙ ላይ እንዲፈርሱ የተወሰነባቸው አራት ግድቦች በ2024 ፈርሰው ሲያልቁ፣ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የበልግ ቺኑክ ከመቶ ዓመት በላይ ደርሶበት ወደማያውቀው የኦሪገን ክፍል ወጣ። የጸደዩ ግን ቁጥሩ በጣም አንሷል፤ ያ ዘር ከወንዙ ጨርሶ ከጠፋ፣ ግድብ ስለፈረሰ ብቻ ተመልሶ አይመጣም።

ዘመናይ ጻፈ፦

እህታችን ያነሡት ምሳሌ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አደጋም አለው። ጥበቃ በአንድ ዘረመል ልዩነት ላይ ከተመሠረተ፣ ነገ ሌላ ወገን ሌላ ዘረመል ይዞ መጥቶ ይህ ዓሣ ልዩ አይደለም ሊል ይችላል። ብዙ ተመራማሪዎችም ይህን ስጋት በጽሑፍ አንሥተዋል። የሽማግሌዎቹ ምስክርነት ዲኤንኤ እስኪያረጋግጠው ድረስ ምንም ካልነበረ፣ ዲኤንኤ ባያረጋግጠውስ ኖሮ?

ሰላማዊት ዘካሊፎርኒያ ጻፈች፦

ስጋትዎን እጋራለሁ። ሽማግሌዎቹ ትክክል የነበሩት በ2017 አይደለም፤ ቀድሞውንም ነበሩ። ዲኤንኤው ያደረገው ሌላው ወገን በሚሰማው ቋንቋ መናገር ብቻ ነው፤ ግን ያ ቋንቋ በፍርድና በአስተዳደር ቦታ የሚሠራበት እስከሆነ ድረስ ተናጋሪው ራሱ ባለቤቱ ቢሆን እመርጣለሁ።

እናት ወንዝ ጻፈች፦

ስለ ባለቤትነት ከተነሣ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። በዚያው በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር በ1996 የተገኘውን የጥንት ሰው አጽም ነባሮቹ «ጥንታዊው» ይሉታል። አያታችን ነውና በክብር እንቅበረው አሉ፤ ሳይንቲስቶች ተከራክረው በ2004 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለጥናት ፈቀደላቸው። በ2015 የወጣው የዲኤንኤ ውጤት ግን ከዛሬዎቹ ነባር ሕዝቦች ጋር ዝምድና እንዳለው አሳየ፤ በ2017 ተቀበረ። ሃያ ዓመት ቆዩ። ዘረመል የሚለው ቃል በነዚህ ሰዎች ጆሮ ምን ይመስል እንደነበር አስቡት። ከዚህ በኋላ ለዓሣቸው የራሳቸውን የዘረመል ቤተ ሙከራ መያዛቸውን ሳስብ ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

ስለ ላምፕሬይም ማንም አላነሣም። ያ እባብ የሚመስል ዓሣ ለነጮቹ ዋጋ ስላልነበረው ግድቦቹ ሲሠሩ ማንም አላሰበለትም፤ ለነባሮቹ ግን የበዓል ምግብ ነው። ጫጩቱ ለዓመታት በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ስለሚኖር ምልክት ማድረግ አስቸጋሪ ነው። ነባሮቹ ትልልቆቹን ከግድቦቹ እየያዙ በመኪና ወደ ላይኞቹ ጅረቶች ወሰዷቸው፤ ከአሸዋው ውስጥ የተገኙት ጫጩቶች የእነዚያ የተጓጓዙት ልጆች መሆናቸውን ያሳየው የወላጅነት ምርመራ ነው።

የጣና ልጅ ጻፈ፦

ሁላችሁንም በጥሞና ነው ያነበብኳችሁ። እኔ ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ነጭ ዓሣ የምንለው የጣና ዓሣ ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች እንዳሉት በጥናት የተጻፈ ነው፤ ብዙዎቹ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎች ገባሮች ይወጣሉ። ያን ጊዜ በወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው ያለ ድካም ይሞላል። አባቴ በመጨረሻ ዘመኑ መረቡን እያነሣ፣ ድሮ በአንድ ጠዋት ያገኝ የነበረውን በሳምንት እንደማያገኝ ይነግረኝ ነበር። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ወጥቷል፤ በወንዝ አፍ ላይ ግን አዋጅ ብቻውን አይቆምም። ከሐይቁ ጋር ከጥንት የኖሩት የነገደ ማኅበረሰብ ሰዎችም እንደ ኮሎምቢያ ወንዝ ነባሮች በእጃቸው ያለ ውል የላቸውም። ጥያቄዬ፣ የጻፋችሁት ዘዴ ለእኛ ይሠራል ወይ ነው።

የወንዝ ዳር ጻፈ፦

ወንድሜ የጣና ልጅ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። እንዳለ ተገልብጦ አይሠራም። አንደኛ፣ የወላጅነት ምልክቱ የሚሠራው ወላጆቹ በእጅ ሲገኙ ነው፤ በጣና ነጭ ዓሣ የሚራባው በዱር እንጂ በጣቢያ አይደለም። ሁለተኛ፣ የነጭ ዓሣ ዘረመል ከባድ ነው፤ እኛ ከእያንዳንዱ ክሮሞዞም ሁለት ሲኖረን እሱ ስድስት አለው። ስለዚህ ለሳልሞን የተዘጋጀው የንባብ ዘዴ በቀጥታ ቢሠራበት ውጤቱ ይምታታል፤ ምልክቶቹ ለእሱ ተብለው መመረጥ አለባቸው። ሦስተኛ፣ ዓይነቶቹ በመልክ ቢለያዩም በዘረመል በጣም የተቀራረቡ ስለሆኑ፣ ዘዬያቸውን መለየት ከሳልሞን ይልቅ ይከብዳል።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ አለ፤ ለአስተዳደሩ ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛል። በጉማራ የተፈለፈለ ነጭ ዓሣ ሲያድግ ወደ ጉማራ ይመለሳል ወይስ ወደ የትኛውም ገባር ይገባል? የሚመለስ ከሆነ የአንዱ ወንዝ አፍ ቢዘጋ የዚያ ወንዝ ዘር ያልቃል፤ የሌላው መከበር አያካክሰውም። የማይመለስ ከሆነ ደግሞ ጥበቃውን ለቁጥጥር በሚመች ወንዝ ላይ ማጠናከር ይቻላል። ይህን ለመመለስ ከየወንዙ አፍ፣ ከየዓመቱ የተወሰደ ናሙና ያስፈልጋል። ናሙናውን ከአጥማጁ በላይ በተገቢው ቦታና ሰዓት የሚያገኝ ሰው የለም።

ቤተ ሙከራ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። የምትፈልገው ንጹሕ መቀስ፣ ወፍራም ወረቀትና የሚዘጋ ፖስታ ነው። ከጅራት ጫፍ ትንሽ ቆርጠህ በጥላ ሥር ታደርቃለህ፤ በእያንዳንዷ ላይ ወንዙን፣ ቀኑን፣ በአካባቢው ስሙ የዓሣውን ዓይነት፣ ርዝመቱን፣ እንቁላል ይዞ እንደሆነ ትጽፋለህ። ከአንዱ ዓሣ ወደ ሌላው ስትሄድ መቀሱን ጥረግ። በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለዓመታት ይቆያል። ከማንም ጋር ከመጀመራችሁ በፊት ግን ናሙናው የማን እንደሆነና ያለ አጥማጆቹ ማኅበር ፈቃድ ለሌላ ጥናት እንደማይውል በጽሑፍ አስፍሩ።

የጣና ልጅ ጻፈ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአባቴ ጓደኞች የሆኑ ሁለት አጥማጆች በጉማራ አፍ፣ አንድ የአክስቴ ልጅ ደግሞ በመገጭ በኩል አሉ። ሐምሌ ሲገባ እነሱን ይዤ እጀምራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ በዝናብ ወራት ወረቀቱ በጥላ ሥርም ቶሎ አይደርቅምና፣ በአልኮል ብልቃጥ ውስጥ ቢቀመጥ ይሻል ይሆን?

የወንዝ ዳር ጻፈ፦

ይሻላል። አልኮሉ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ይሁን፤ ቁራጯም ትንሽ ትሁን፣ ከበዛች አልኮሉ አያደርቃትም። መለያውን በእርሳስ ጻፈው፤ የእስክርብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።